የአርዲስ ፍርሃትና የሮላንድ ጨዋታ

አርዲስ ወደ ማተሚያ ቤቱ የሄደችው የባሏን መጽሐፍ ከኮምፒውተራቸው እንዲያጠፉላት ልትለምን ነበር። ሮላንድ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። መጽሐፉ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ዳይስ የሚባል ባለቁጥር ጠጠር እየጣሉ ታሪክ የሚፈጥሩበት ጨዋታ መመሪያ ነው። በጨዋታው ዓለም ካርታ ላይ ካርሊን የምትባል ወደብ አለች። ካርሊን በዘጠኝ ዓመቷ የሞተችው ልጃቸው ናት።

በሩ ላይ ትሬንትን አገኘችው፤ ድሮ ቤታቸው እየመጣ ይጫወት የነበረ፣ አሁን የራሱን ጨዋታዎች የሚያሳትም ወጣት።

«ምነው አርዲስ፣ ፊትዎ ነጣ?»

«አልሰማህም? ትልቁ የጨዋታ ኩባንያ፣ ማንም በጨዋታ ሕጎቹ ላይ እንዲያሳትም ስንት ዓመት የሰጠውን ፈቃድ ሊሽር ነው አሉ። ሮላንድ ከነሱ ሕግ የወሰደው አለ። ጠበቃ ቤቴ ሳይመጣ ላጥፋው።»

«እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። ግን የወሰደው አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ በራሳችን መንገድ እንደ አዲስ እንሠራዋለን። ከዚያ ማንም በማይሽረው ክፍት ፈቃድ እናወጣዋለን። የፈለገ ሰው ሳያስፈቅድ በሕጎቹ ላይ የራሱን ታሪክ ጽፎ ይሸጣል።»

«የፈለገ ሰው! የማንም ወፈፌ የልጄን ወደብ በጭራቅ ያስወርራት? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም!»

የፈራችው ሌባን አልነበረም። ለልጇ በዚህ ዓለም የቀራት ቦታ ያቺ ወደብ ብቻ ነበረች፤ እሷ እንዳትበላሽ ነው የፈራችው።

ትሬንት አቀረቀረ። «እውነትዎን ነው፤ እኔ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያ መጽሐፌን በችኮላ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ክፍት ነው ብዬ ጻፍኩበት። ጀግናዬ አሁን በማላውቀው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ሕፃናት ይበላል። ከልካይ የለውም፤ የፈቀድኩት እኔ ነኝ።»

«ይኸው!» አለች።

«እኔ ስለተሳሳትኩ እርስዎ አይሳሳቱም። የሚከፈተውንና የማይከፈተውን ለይተን እንጽፋለን። ዳይሱ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ቁስል እንዴት እንደሚድን ክፍት ነው። ስሞቹ፣ ካርታውና ታሪኩ የእርስዎ።»

«ሁሉንም ቆልፌ ብይዘውስ?»

«ማንም አይነካውም፤ ማንም አይጫወተውምም። እኛን ትናንሾቹን አሳታሚዎች አንድ የጠበቃ ደብዳቤ የሚያስደነብረን ሁላችንም የአንድ ኩባንያ ጥገኛ ስለሆንን ነው። ብዙ ሰው በሮላንድ ሕግ ላይ ከጻፈ ግን የሁሉም ተጫዋች ሕጎቹን ፍለጋ ወደሱ መጽሐፍ ይመጣል።»

አርዲስ ወደ ውስጥ ገብታ ወንበር ሳበች። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀች። ከማይከፈቱት ስሞች መጀመሪያ «ካርሊን» ብላ ጻፈች።

ወራት አልፈው በረዶው ሲቀልጥ፣ ኦሃዮ ግዛት ያሉ የማታውቃቸው ሰዎች በሮላንድ ሕጎች ጽፈው ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ በፖስታ ደረሳት። ቆማ፣ ገጽ በገጽ የልጇን ስም ፈለገች። የለም። በመጨረሻው ገጽ ግን፣ ፈቃዱ እንደሚያስገድደው፣ «ሕጎቹን ያወጣው ሮላንድ ክራውስ ነው» ይላል። በዚያው ሰሞን የሮላንድ መጽሐፍ እንደገና ታተመ፤ ሦስት ሌሎች ትናንሽ አሳታሚዎችም በሕጎቹ መጻፍ ጀመሩ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ጨዋታውን ያቆየዋል።

ለትሬንት ደወለች።

«ስማ፣ እነዚህ የኦሃዮዎቹ ሮላንድ ሳምንት የሚያስተኛበትን ቁስል በአንድ ሌሊት ነው የሚያድኑት!»

«ሮላንድ ቢሰማ ያብድ ነበር» አለ ትሬንት።

«ያብድ ነበር» አለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ያን ጊዜ ነው። «ግን ቁጭ ብሎ አብሯቸው ይጫወት ነበር።»