ቀዩ ይሻላል ነጩ?

ሄሎ… ሄሎ፣ ናኦር?… እኔ ነኝ፣ አጎትህ ዘበነ። አዎ፣ የእናትህ ስልክ ነው፣ እኔ አነሳሁት… ሬጋ፣ ሬጋ፣ ቆይማ፣ አይሰማኝም—

— ዝም በሉ! ደመቀች፣ ዝም አሰኚያቸው! ልጇ ነው። እናቱ መሞቷን ገና አልሰማም። በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ?… መርዶውን ሊነግሩት የሄዱት አባ ዋሴና ሽማግሌዎቹስ?… ቤቱ ሄደው አጡት?… እሺ፣ የት እንዳለ እኔ እጠይቀዋለሁ። ማንም እንዳያለቅስ! ለእኔም እህቴ ናት፤ ግን ልጁ በወጉ እስኪረዳ ዋጥ አድርጉት።

ሄሎ… አለሁ፣ አለሁ። በረንዳ ወጣሁ። አሁንስ ትሰማኛለህ?… የት ነህ አንተ?… ፖሌግ? መኪና መሸጫው?… ሥራስ?… አሃ፣ ፈቃድ ወስደህ። ጥሩ አደረግህ። እዚያው ቁም እሺ፣ የትም እንዳትሄድ።

— ደመቀች፣ ፖሌግ ነው ያለ፣ መኪና መሸጫው። ለአባ ዋሴ ደውይላቸው፣ ቶሎ ይድረሱ በያቸው። ቀስ ብለሽ አውሪ!

እ?… ማንም የለም፣ ቴሌቪዥኑ ነው… እናትህ?… ተኝታለች… አልቀሰቅሳትም፣ ሌሊቱን ሲያስላት ነው ያደረው… ተኝታለች አልኩህ እኮ! ምነው ትነተርከኛለህ? ይልቅ ስለ መኪናው ንገረኝ። ሁለቱንም ነዳሃቸው?

እህ… ነጩ ከዜሮ መቶ እስኪገባ ዐሥራ ሁለት ሰከንድ። ማን ነው ያለህ፣ ሻጩ?… ቀዩስ?… ዘጠኝ። ቱርቦ ስላለው… ኤድያ! እሱ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ላይማ የእኔም ሚኒባስ ይበራል! ሲለኩት ሾፌሩን ብቻ አስቀምጠው፣ ሜዳ ላይ ነው። አንተ ሚስትህን፣ ልጆችህን ጭነህ፣ ማዝጋኑን ከፍተህ ዳገት ውጣበት እስቲ፣ ያኔ አየር ማቀዝቀዣው ጉልበቱን ሲበላው ታየዋለህ።

አትማል!… በእናትህ አትማል አልኩህ! ለመኪና ብሎ ሰው «እናቴ ትሙት» ይላል?… ምንም አልሆንኩም። ኧረ አልተቆጣሁም… ጉንፋን ነው ድምፄ።

በል ቀጥል፣ ቀጥል… አዎ፣ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ ኋላቸው ቁርጥ ያለ። ለማቆም ይመቻሉ… ቀዩ ስትረግጠው ወንበሩ ላይ ይለጥፍሃል? እሱ ምን ደስ ይላል? ነጩ ግን ሰው አክባሪ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው… እርጅና አይደለም! እንዲህ ዓይነት ነገር ከአንተ ብሰማ…

አውቃለሁ… አውቃለሁ፣ ናኦር። በአሮጌው መኪና ትልቁ መንገድ ስትገቡ ጭነት መኪናው ከኋላ ሲጮኽባችሁ… አዎ፣ እናትህ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። «ንዳው ልጄ፣ ንዳው» ትልሃለች… ልክ ነህ፣ እየረገጥከውም አይሄድም ነበር…

ለእሷ ብለህ ነው ይህ ሁሉ?… እየሰማሁህ ነው… ሌላ ጊዜ ደረቷን ሲያማት አምቡላንስ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ልታደርሳት… እህ… ናኦር፣ ልጄ፣ ሦስት ሰከንድ ምን ታደርግልሃለች? ራምዞር ቀይ ሲያበራ ትቆም የለም? እዚያው መብራቱ ላይ ታልቃለች… ተስፋ ላስቆርጥህ ብዬ አይደለም። መኪና ይህን ያህል ነገር አይችልም፣ እሱን ነው የምልህ።

ምን አልክ?… ቀዩን ሊያስነዳህ ነው? እስከዚህ? ለእናትህ ልታሳያት?… አይሆንም!… አይሆንም አልኩ! አትምጣ!… ማለቴ… ምን ያጣድፍሃል። ኮፈኑን አስከፍተህ እይ። ኋላ ወንበር ግባና ተቀመጥ፣ ለእግር ይበቃ እንደሆን… ቁልፉ እጅህ ላይ ነው?… መልስለት። ለሰውዬው መልስለት። ለእኔ ብለህ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ… አዎ፣ አሁን፣ እየሰማሁህ።

እሷን ላቅርብልህ?… አልችልም… ስለማልችል ነዋ!

— ደመቀች፣ የት ደረሱ?… ከመሸጫው በር ላይ ናቸው?… ተመስገን። አይ፣ ምኑ ተመስገን ይባላል።

ናኦር፣ ቁልፉን መለስክ?… እሰይ የኔ ልጅ… ጠይቀኝ… ከሁለቱ የቱ?… ቀዩ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀዩ ይፈጥናል። ዝም ብዬ ነው ስሟገትህ የቆየሁት። ነጩ ከእሱ ጋር አይወዳደርም…

ማን መጣ?… አባ ዋሴ… ከሽማግሌዎቹ ጋር… አይደለም ልጄ፣ መኪና ሊገዙ አይደለም።

ናኦር?… ናኦር፣ ትሰማኛለህ?… ወደ እሳቸው ሂድ። እሳቸው ይነግሩሃል… እኔን አትጠይቀኝ፣ በስልክ አይሆንም… እሱን አትበል። «ባለፈው ሳምንት ገዝቼው ቢሆን» አትበል… ቀዩም አይደርስላትም ነበር፣ ልጄ። ቀዩም።

ናኦር?…

አባ ዋሴ? እርስዎ ነዎት?… ደግፈው ያዙት። መሪ እንዳይነካ አደራ… አዎ፣ ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ይዘውት ይምጡ። ቀስ ብላችሁ ኑ፣ ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም… እሺ… እሺ አባ…

— ዘጋሁት። ደመቀች፣ የበረንዳውን በር ክፈቺው። ልጁ ተረድቷል። በሉ፣ አሁን አልቅሱ።