እስትንፋስ የሚታይበት አገር

ልጅ በምክር ይመለሳል እንጂ በብርድ መፈተን አለበት ብዬ አላምንም። ሆኖም በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የሚኖረው ወዳጄ፣ የድሬዳዋ ተወላጁ ፍራፍሬ ነጋዴ ሐጂ ዩሱፍ፣ ነርስ የሆነች ልጁ ሰሚራ በራስ ዳሽን አካባቢ ሥራ አግኝታ «እሄዳለሁ» ብትለው፣ ምስክር እንድሆን ጠራኝና ሁለታችንንም ብርቱካን ከሚያስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባን። «ጅቡቲ ተወልደሽ ሰሜን ተራሮች ልትኖሪ? እስቲ ይህን ቻዪው! ካልቻልሽ ነገሩ እዚህ ያበቃል» ብሎ በሩን ዘጋብን።

ጥቂት እንደቆየን ልጅቱ ጮኸች። ተሸነፈች ብዬ ወደ በሩ ስራመድ እጄን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እስትንፋሴ ይታያል!» ከአፏ የወጣውን ነጭ ጉም በጣቷ ልትነካው ትሞክር ነበር። «እዚያም እንዲህ ነው?» አለችኝ። በወጣትነቴ በዚያ አገር አስተምሬ ስለነበር ያየሁትን ነገርኳት፤ በማለዳ ከራስ ዳሽን ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ፣ ደመናው ከእግሩ በታች እንደ ባሕር ተኝቶ፣ ሌሎቹ ተራሮች እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለው ይታዩታል። ሰው በዚያ ስፍራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመናገር ያፍራል። የእኔም ቃል ጉም ሆኖ ሲወጣ አይታ እሱንም ልትነካው ጣቷን ዘረጋች።

አባቷ በሩን ከፍቶ «በቃሽ?» አላት።

«ዝጋው አባ፣ ብርዱ ይወጣል!» አለችው፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

ሐጂ ዩሱፍ ልጁን ትክ ብሎ ተመለከታት። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ወላሂ፣ በዚህ ከተማ ካፖርት የሚሸጥ ማን ነው?» አለኝ።