ኤሊ የሸኙት ሰው

ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አቶ ወጋየሁ ግማሽ ሊትር ወተት በጠርሙስ ይዘው የላፍቶን ዳገት ሲወጡ ከሸጊቱ ጋር ተገናኙ። አቶ ወጋየሁ ጡረታ የወጡ መንገድ ቀያሽ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘ በግንቦት ካረፉ ወዲህ ጢማቸውን አልተላጩም፤ ከጥቁር ልብስም አልወጡም። ሸጊቱ ደግሞ ሰፈሩ የእርሻ መሬት በነበረበት ዘመን እዚያው የተወለደች፣ የከብት ሐኪም ረዳት ሆና የምትሠራ የጎረቤት ልጅ ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ወተት ጀመሩ እንዴ? ሽታውም አይስማማኝም ይሉ አልነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለእኔ አይደለም ልጄ፤ ለእንግዳዬ ነው።»

«ማን መጣብዎ?»

«የተናኘ ኤሊ።»

ሸጊቱ ሳቀች። ሽማግሌው እንዳልሳቁ ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። «ኤሊ ደግሞ መቼ ወተት ጠጥታ ታውቃለች?»

«እሷስ አልጠጣም ብላኛለች። እህል ከቀመሰች ዘጠኝ ቀኗ ነው። እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።»

«እስቲ ልያት» አለችና መንገዷን ትታ ተከተለቻቸው።

ያቺ ኤሊ ክረምት በገባ ቁጥር በእሾህ አጥሩ ሥር ሾልካ ወደ ግቢው ትመጣ ነበር። ጎረቤቱ «ገድ ታሳጣለች» እያለ በእንጨት ሲገፋት፣ ወይዘሮ ተናኘ የጎመን ቅጠል ከጓዳው ደረጃ በታች ይጥሉላታል። አቶ ወጋየሁ ከኤሊዋ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ ከመተያየት ያለፈ ትውውቅ አልነበራቸውም። ዘንድሮ ግን መጥታ ከደረጃው ሥር አንገቷን አስግጋ ስትጠብቅ ባዩዋት ጊዜ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በቀብሩ ቀን ያልወጣላቸውን ለቅሶ አለቀሱ። በማግስቱ የቅርፊቷን ጠርዝ በመሰርሰሪያ በሱና በሽቦ ከዘይቱን ዛፍ ጋር አሰሯት።

ሸጊቱ ሽቦውን ስታይ ከኤሊዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ምን ሰርቃ ታሰረች?» አለች።

«ምን ማሰር ነው፤ ማስቀመጥ ነው እንጂ።»

«እስር ቤት ያለውንስ ምን እያደረጉት ነው? አስቀምጠውት አይደል?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ እንደ አባትሽ ነው!» አሉ ሽማግሌው፤ ግን አልተቆጡም። «ተመልከች፤ ጎረቤቴ ሙሄ በዚህ በኩል የግንብ አጥር እያስጀመረ ነው። ዛሬ ብለቃት ትወጣለች፤ ነገ ግንቡ ያልቃል፤ በየት ትመለሳለች? በዚያ ላይ ቅርፊት እንደ ቀንድ ነው፤ አያማትም።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተሳስተዋል። ላይ ላዩ እንደ ጥፍር ነው፤ ከሥሩ ግን ደም የሚዞርበት አጥንት ነው። ከጀርባዋ አጥንት ጋር የተያያዘ። ይኸው ያሽትቱት፤ መግል ይዟል። ምግብ የዘጋት ይኼ ነው። ወተቱንም ይተዉት። ሣርና ቅጠል የምትበላ ፍጥረት ናት፤ ወተት ሆዷን ያበላሸዋል።»

አቶ ወጋየሁ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው ጠርሙሱን ደረጃው ላይ አኖሩት።

እዚህ ላይ አንባቢ በእኚህ ሰው ላይ ባይፈርድ መልካም ነው። በሰፈሩ ኤሊዋን ሌሊት ወጥተው ከዝናብ በጆንያ የሸፈኗት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሆኖም በክፋት የተበሳና በፍቅር የተበሳ ቅርፊት መግሉ አንድ ነው።

«እሺ አክሚልኝ» አሉ። «ሽቦውን ግን አልፈታም። ከተናኘ ዘመን የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር ይኼ ብቻ ነው። ደግሞስ ወግ አለን። ለቅሶ ላይ የመጣ እንግዳ ይባረራል?»

«ማን ይባረር አለ? እትዬ ተናኘ በስድስት ክረምት አንድ ቀን አስረዋት ያውቃሉ?»

«የለም።»

«ታዲያ በምን ተመለሰች? እርስዎ መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ነዎት። ይኼ ግቢ ከመሠራቱ በፊት መንገዷ በዚህ ነበር። አባቴ በበሬ ሲያርስ ኤሊ ካየ ሞፈሩን አንሥቶ ያሳልፋት ነበር። እኛ ነን መንገዷ ላይ ቤት የሠራን። እንግዳ ካሏትም የእንግዳ ወግ መቀበል ብቻ ነው እንዴ? እትዬ ተናኘ ሰው መጥቶባቸው እስከ ታክሲው ሳይሸኙ ቀርተው ያውቃሉ?»

አቶ ወጋየሁ ከዛፉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ ተናኘን አልሸኘኋትም፤ ሰው ሁሉ አብሬያት የነበርኩ ይመስለዋል። ከሐኪም ቤት ሸሚዝ ልለውጥ ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። ስመለስ ሄዳለች። አልጋውን አንጥፈውት ነበር።»

ሸጊቱ ልታጽናናቸው አልሞከረችም። «እንግዲያው ይቺን ይሸኟት» አለች።

አቶ ወጋየሁ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡና ፒንሳ ይዘው ወጡ። ሽቦውን የቆረጡት ራሳቸው ናቸው። ሸጊቱ አፍልታ ባቀዘቀዘችው የጨው ውኃ ቁስሉን አጠበች፤ አዮዲን ቀባችው፤ እጇንም በሳሙና ታጥባ ሳሙናውን ለሽማግሌው አቀበለች።

«ይታጠቡ ጋሼ። ኤሊ ጤነኛ ብትመስልም ሆድ የሚያሳምም ጀርም ልትይዝ ትችላለች። ባይነኳት ለሁለታችሁም ይሻላል። ቅጠሉን ይጣሉላት፣ ራቅ ብለው ይዩአት፤ በቃ። ለደኅንነቷ ብሎ ወስዶ ወንዝ ዳር የሚጥላትም አለ፤ አገሯ ይጠፋታል።»

«ሙሄስ? ግንቡስ?»

«ጎረቤትዎ አይደል? አንድ ድንጋይ እንዲያጎድል ይጠይቁት። የጎርፍም መውጫ ይሆናል።»

ሙሄ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሳቀ። «ለኤሊ በር? ጋሽ ወጋየሁ፣ ዘበኛም ልቅጠርላት?» አለ። ነገር ግን ባለፈው ክረምት የዳገቱ ጎርፍ አጥሩን እንደገፋበት ትዝ አለውና ከግንቡ ግርጌ ሁለት ስንዝር ክፍት ቦታ አስቀረ።

ኤሊዋ ሰኞ ጎመን በላች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ወደ አጥሩ አመራች። አቶ ወጋየሁ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከኋላዋ ወጡ። ከሰፈሩ ዳር እስካለው ባሕር ዛፍ ድረስ ለሰው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሳቸው አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት ጤናዬ ከደጇ ሆና አየቻቸው።

«ወዴት ነው ጋሼ፣ እንዲህ ቀስ ብለው?»

«እንግዳ ልሸኝ።»

ጤናዬ ወደ መሬት ተመለከተች፤ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ ጥቂት እርምጃ አብራቸው ሸኘች።

ከዚያ ወዲያ አቶ ወጋየሁ ማታ ማታ ከቤት መውጣት ጀመሩ። የጎመኑን መደብ ራሳቸው ኮተኮቱ። ኤሊ በእንጨት የሚገፋ ሰው ሲያዩ ቆም ብለው ያስረዱ ነበር፦ አረሟን በልታ የምትሄድ፣ ማንንም የማትነካ፣ መንገድ እንጂ ሌላ የማትፈልግ ጎረቤት ናት ይላሉ። ስለ ሽቦውም አይደብቁም ነበር፤ ያሰርኳት እኔ ነኝ ብለው ይጀምራሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ኤሊዋ በሙሄ ግንብ ሥር ገባች። ቁስሉ ድኗል፤ የመሰርሰሪያው ቀዳዳ ግን እንዳለ ነው።