ያለ ማስታወቂያ የተቀየረ ቻናል

የዋይፋይ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት መሞከሪያ ክፍል፣ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፤ ኃላፊው አቶ ዘርጋው ከአራት ወር በፊት ያባረራትን ፕሮግራመር ምንትዋብን በስልክ ለምኖ አስመጥቷታል።

ዘርጋው፦ እግርሽ ላይ እንድወድቅ ነው የምትፈልጊው?

ምንትዋብ፦ ኧረ አይውደቁ፣ ወለሉ አቧራ ነው። እኔ እያለሁ ይጠረግ ነበር።

ዘርጋው፦ የአሽሙር ሰዓት አይደለም! የገዢው ድርጅት መርማሪ በአምስት ሰዓት ይመጣል። መሣሪያው የሚያስተላልፍበትን የሞገድ ቻናል በቀየረ ቁጥር ስልኩም ላፕቶፑም ይቋረጣል። መሣሪያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።

ምንትዋብ፦ እኔ? ጋዜጣው “አቶ ዘርጋው ብቻቸውን ጻፉት” ይል የለ? ፎቶዎም አምሮ ነበር።

ዘርጋው፦ ጋዜጠኛ ያጋንናል። በእናትሽ፣ ምን ጎድሎት ነው?

ምንትዋብ፦ እኔ ከወጣሁ በኋላ ምኑን ነኩት?

ዘርጋው፦ ምንም። ማለቴ... ያንን ቆጠራ ብቻ አወጣሁት።

ምንትዋብ፦ የቱን ቆጠራ?

ዘርጋው፦ ከመቀየሩ በፊት አሥር ጊዜ “ወደ ቻናል አሥራ አንድ ልሄድ ነው፣ ተከተሉኝ” እያለ የሚለፍፈውን። አንድ ሰከንድ ሙሉ ይጎተታል። የምንሸጠው ፍጥነት ነው ብዬ...

ምንትዋብ፦ ስለዚህ መሣሪያው ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ ስልኮቹ ባዶ ቤት ሲያንኳኩ ይቀራሉ።

ዘርጋው፦ እንዴት አላሰብኩትም!

ምንትዋብ፦ ልማድ ይሆናል። እኔንም ሰኞ ጠዋት ምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ ከበር የመለሰኝ ዘበኛው ነው። ለእኔ ስንት ተቆጠረልኝ?

ዘርጋው፦ እሱ አለፈ፣ ተይው። አሁን ቁጭ በይና ቆጠራውን መልሺው። ሥራሽን እመልስልሻለሁ።

ምንትዋብ፦ መርማሪው “ማን ጻፈው?” ቢልስ?

ዘርጋው፦ ዛሬን እንኳ እኔ ልበል። ውሉ ይፈረም እንጂ፣ በኋላ ስምሽን አንድ ቦታ እናስገባዋለን።

ምንትዋብ፦ አንድ ቦታ። እሺ።

ዘርጋው፦ ኮምፒዩተሩ እዚህ ነው፣ ደብተሩ ላይ ምን ትጭሪያለሽ?

ምንትዋብ፦ ያሉኝን ነዋ። “ማስጠንቀቂያውን ያወጡት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው።” ስምዎንም አንድ ቦታ አስገባዋለሁ።

ዘርጋው፦ ለማን ነው የምትጽፊው?

ምንትዋብ፦ ለገዢው። እርስዎ ባባረሩኝ በሁለተኛው ሳምንት ቀጠሩኝ። ባይደውሉልኝም እመጣ ነበር።

ዘርጋው፦ አንቺ ነሽ መርማሪዋ? ታዲያ ስደውል አይነገረኝም?!

ምንትዋብ፦ አንድ ሰከንድ እንዳይጎተትብዎ ብዬ ነው። ይኸው ስልኬን አገናኝቻለሁ፣ አምስት ሰዓትም ሞልቷል። ቻናሉን ይቀይሩልኝ።