ትኩሳት የሚበላው ምግብ

በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. ድርቁ አልፎ ዝናብ በተመለሰበት ክረምት፣ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን በለጡ ከምትባል የዕድገት በኅብረት ዘማች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ከገበያ ስንመለስ፣ ጨው ነጋዴው አያ ጀብሪል ዶሮ ታቅፈው አገኘናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ጀብሪል! ድግስ አለ እንዴ?» አልኋቸው።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ምን ድግስ አለ መምህር! ለዘምዘም ሾርባ ነው።»

ዘምዘም አንድያ ልጃቸው ናት። በድርቁ የከሳችው ሳያንስ፣ ሳልና ትኩሳት ከያዛት ወዲህ የምትቀምሰው ሁሉ አልጠቅማት ብሏል።

«ክሊኒክ ወስደዋታል?» አለች በለጡ።

«የልጄ በሽታ ረሃብ ነው፤ መድኃኒቱም ምግብ። መርፌን የሚችለው የጠገበ ሰው ነው። መጀመሪያ ትጠንክርልኝ።»

«አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ ያየሁትን ልንገርዎ። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ አይጦች እንቀልብ ነበር።»

«አይጥ? ሱብሀነላህ! እኛ ጎተራችንን ከአይጥ ስንጠብቅ እናንተ ትቀልባላችሁ?»

ሦስታችንም ሳቅን። በለጡ ግን አልተወችም።

«እንቀልባለን! ለግማሾቹ ባክቴሪያ፣ ማለት በዓይን የማይታይ የበሽታ ተሕዋሲ፣ ሰጠናቸው። እነዚያ እየከሱ ሄዱ።»

«የታመመ መቼ ይበላና!»

ጥያቄያቸው ደስ አሰኘኝ፤ ያልተማረ ሰው አይመራመርም ያለው ማነው?

«እኛም እንዲሁ ጠርጥረን፣ ለጤነኞቹ የታመሙት የበሉትን ያህል ብቻ ሰጠናቸው። ያም ሆኖ ይበልጥ የከሱት የታመሙት ናቸው። ሰውነት ከተሕዋሲው ጋር ሲታገል ትኩሳቱ ምግቡን ያነደዋል፤ ሰውነቱም አልበቃ ሲለው የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል።»

አያ ጀብሪል ዶሮዋን ቁልቁል አይተው፣ «እንግዲያ ገንፎዬን ሲበላ የከረመው ትኩሳቱ ነው በይኛ!» አሉ።

«አብዛኛውን። ምግቡን ግን አያቋርጡባት። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ሲገድል ያን ጊዜ ምግቡ ለእርሷ ይተርፋል።»

«መምህር፣ ያዝልኝ!» ብለው ዶሮዋን አስታቀፉኝና ወደ ቤታቸው ሮጡ። ብዙም ሳይቆዩ ዘምዘምን በጋቢ ጠቅልለው፣ ተሸክመው መጡ። አብረን ክሊኒክ ወሰድናት፤ የጤና ረዳቱ ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ «ሳንባ ምች ነው፤ እንኳንም አልዘገያችሁ» አለና የፔኒሲሊን መርፌ ጀመረላት።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ለቀቃት። ዘምዘም ሳህኗን ጠርጋ «ሌላ የለም?» ስትል አባቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ጨው ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «የሚያተኩሰው ልጅ አለህ? ሳይከሳ አሳክመው፤ እያበላህም አሳክመው» ማለት ሆነ ሥራቸው። ብዙ ወላጅ ሰማቸው፤ በየቤቱ ያለችው ጥቂት እህልም ለልጆች ሥጋና ጉልበት ሆነች።

ለአረፋ በዓል ልንጠይቃቸው ስንሄድ ዘምዘም ያምናውን ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ጠበበኝ እኮ!» ብላ አኮረፈች።

«አልሀምዱሊላህ!» አሉ አያ ጀብሪል እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «ይጥበብሽ ልጄ፣ ይጥበብሽ!»