ለክፉ ቀን የተቀመጠው ስዊች

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በጅማ መናኸሪያ፣ የሊሙ ገነት መኪና ሰው በሚጭንበት ቦታ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አቶ አባቦራ ናቸው፤ የአንድ የቡና አቅራቢዎች ማኅበር የማሽን ክፍል ኃላፊ። ሁለተኛዋ ጽዮናዊት ናት፤ በዚያው ማኅበር የሊሙ ገነት ቅርንጫፍ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ለጉዳይ ጅማ መጥታ የምትመለስ። ሦስተኛው የመኪናው ረዳት ለሚ ነው። አቶ አባቦራና ጽዮናዊት በስልክ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ፊት ለፊት ግን ተያይተው አያውቁም ነበር።

አቶ አባቦራ አንድ ፌስታል ለረዳቱ አቀበሉት።

«ለለጢፋ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቅሃለች።»

«ፋዘር፣ ሁልጊዜ ፌስታል ብቻ!» አለ ለሚ። «አንድ ቀን እርስዎንም ፌስታል ውስጥ ከትቼ እወስድዎታለሁ። መቼ ነው የሚሳፈሩት?»

«ሥራው ሲቀል፣ ኢንሻአላህ።»

«ቡና ሲያልቅ ነዋ! ሊሙ ላይ ቡና አልቆ ያውቃል?»

መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ጽዮናዊት ቀና አለች። ድምፁን ታውቀዋለች። መስመር በተቋረጠ ቁጥር «ትንሽ ታገሺኝ፣ ኢንተላ ኮ» እያለ በኦሮምኛ «ልጄ» የሚላት ድምፅ ነው።

«ጋሽ አባቦራ? እኔ ጽዮናዊት ነኝ፤ የሊሙዋ።»

«ለኪ! አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «በስልክ ትልቅ ሴትዮ ትመስይኝ ነበር እኮ!»

«እርስዎም በስልክ ወፍራም ነበሩ።»

ከመኪናው ወርዳ ጨበጠቻቸው። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ስትጠይቃቸው የልጅ ጫማ መሆኑን ነገሯት። ጫማው ልጃቸው ለጢፋ ሊሙ ገነት አግብታ ለወለደችው የመጀመሪያ ልጅ ነው።

«እግሩ ስንት ቁጥር ነው?»

አቶ አባቦራ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ከፍተው አሳዩአት። ያሳዩት የአራስ እግር ነው።

«ልጁ ግን መሄድ ጀምሯል ብለውኝ አልነበረም?»

«ጀምሯል ይላሉ።»

«ይላሉ?»

«አላየሁትማ። ማሽኑን ለማን ትቼ ልሂድ?»

ለማያውቅ አንባቢ ማሽኑ ምን እንደሆነ መንገር ይገባል። አንድ ትልቅ የብረት ሳጥን ነው። ከፊት ለፊቱ ሰርቨር የሚባሉ፣ መዝገቡን የሚይዙ ስስ ስስ ኮምፒውተሮች እንደ መሳቢያ ይገባሉ። ከኋላው ደግሞ ስዊች የሚባል ዕቃ የሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ስዊች ማለት ከሰርቨሮቹ የሚወጣውንና ወደ እነሱ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ ወደየመንገዱ የሚመራ ነው። ከሊሙ፣ ከጌራና ከሌሎችም ከተሞች የሚመጣው የቡና ክብደት በእሱ በኩል ያልፋል። ስዊቹ ዝም ካለ ሰርቨሮቹ ደኅና ሆነው ሳለ ማንም አያገኛቸውም። በሩ እንደተከረቸመበት ቤት ማለት ነው፤ ሰው ውስጥ አለ፣ ሲጠሩት ግን አይሰማም።

«ስዊቹ ቢበላሽ የምቀይረው እኔ ነኝ» አሉ አቶ አባቦራ። «ስለዚህ ከጅማ አልወጣም።»

«ሁለተኛው ስዊችስ የት ሄደ? እነዚያ ሳጥኖች ሁለት ነው የሚይዙት።»

«አለ! ምን በወጣው! በደንብ አስቀምጬዋለሁ።»

«እስቲ ልየው» አለች ጽዮናዊት። ከዚያ ቦርሳዋን ከመኪናው አወረደች።

«ለሚ፣ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ።»

«እንግዲህ ዛሬ ሊሙ የሚሄደው ፌስታሉ ብቻ ነው!» ብሎ ለሚ ጮኸ።

ሁለቱ በባጃጅ መንደራ ቆጪ ወደሚባለው የጅማ ሰፈር ሄዱ። የማኅበሩ ማሽን ክፍል ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። ከአንድ ወንበር በቀር መቀመጫ የለውም። አቶ አባቦራ ወንበሩን ለእንግዳዋ ሰጥተው ቁም ሳጥን ከፈቱ። ስዊቹ ከነፕላስቲኩ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አየሽው? አንድ ጭረት የለበትም።»

«ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ። የተከሉት ሰዎች ሁለቱንም አስገብተው ሄዱ። እኔ ደግሞ አንዱን አውጥቼ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት።»

በአገራችን ይህ የተለመደ ነው። በብዙ ቤት አዲሱ ብርድ ልብስ ሳጥን ውስጥ ይተኛል፤ ባለቤቱን በአሮጌው ይበርደዋል። ሸክላው ሳህን እንግዳ ይጠብቃል፤ ልጆቹ በተሰነጠቀው ይበላሉ። ይህ ከስስት የመጣ አይደለም። ክፉ ቀን ያየ ሕዝብ ጥንቃቄ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን ጥንቃቄ ቦታውን ሲስት ከጉዳት አያድንም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ጽዮናዊት፣ «ይህ ዕቃ ለክፉ ቀን የሚጠቅመው ደግ ቀን ላይ ሲሠራ ነው።»

«ሁለቱ አብረው ከሠሩ አብረው ያረጃሉ። አንዱ ካረፈ ግን ጉልበቱ አለ። በሬ እንኳን ይቀያየራል።»

«በሬው እርሻውን ያውቀዋል። ይህኛው ግን የሚያውቀው እርስዎ ያወጡት ጊዜ የነበረውን ነው። የጌራ መስመር የተጨመረው መቼ ነው?»

«አምና።»

«ታዲያ ይህ ስዊች ጌራ የሚባል አገር መኖሩን አያውቅም። ዛሬ የሚሠራው ቢቃጠል ይህን ያስገባሉ፤ መብራቱ ይበራል፤ የጌራ ሚዛን ግን መንገድ አያገኝም። ሰው ተሰልፎ፣ ቡናው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ እርስዎ ገና እሱን ማስተማር ሊጀምሩ ነው።»

አቶ አባቦራ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«አስተምረዋለሁ። እችላለሁ።»

«እንደሚችሉማ አውቃለሁ። ታመው ቢተኙስ?»

«አልታመምም።»

«ይህን ለአላህ ነግረውታል?»

«አስተግፊሩላህ! ምላስሽ!» አሉ፤ ግን ሳቁ። ቀጥለውም «እሺ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አሉ። «መብረቅ ቢመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ አይወስድም? ቁም ሳጥን ያለው ግን ይተርፋል።»

 ጥያቄው ትክክለኛ ነበር።

«እውነት ነው፤ ሊወስድ ይችላል» አለች ጽዮናዊት። «ለሁሉ ነገር መድኃኒት አለኝ አልልም። የሳጥኑን ኃይል ከሁለት የተለያዩ መስመሮች ብናመጣው አደጋው ይቀንሳል፤ ለቁም ሳጥኑም ሦስተኛ እንዲገዛ ማኅበሩን እንጠይቃለን። ነገር ግን መብረቅ አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል። የላላ ገመድ፣ የደከመ ማራገቢያ፣ አቧራ ግን በየጊዜው ይመጣሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር በውስጡ ሁለት መንገድ አለው፤ ይኸው፣ አንዱ የሚያልቀው ባዶ ክዳን ላይ ነው። አንደኛው ቢዘጋ በሌላው ልሂድ ሲል ግድግዳ ያገኛል።»

ሽማግሌው ባዶውን ክዳን አዩት። ጨርቁን ከስዊቹ ላይ መግለጥ ጀምረው ነበር፤ መልሰው ሸፈኑት።

«ሁለቱ ከገቡ» አሉ በዝግታ፣ «አንዱ ሲሞት ሌላው ይሠራል። አንቺም ከሊሙ ሆነሽ ታዪዋለሽ፤ ታስተካክዪዋለሽ። አይደለም?»

«ይቻላል። ማሽኑን ከሩቅ የሚያዙበት የማስተዳደሪያ መስመር ለዚያ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን እሆናለሁ?»

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥያቄውን አልሰማውም። አቶ አባቦራ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ማታ የሚጠራቸው ይህ ማሽን ብቻ ነበር። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የሚኖሩት በአንዱ ነው። መስመር ተቋረጠ ተብሎ ሲደወልላቸው ጫማቸውን እያሰሩ «ይኸው፣ ያለ እኔ አይሆንም» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ግን ለማንም አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ጽዮናዊት። «ሊሙ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አንዳንድ ቀን መስመሩ ሳይቋረጥም ተቋረጠ ብዬ ደውዬልዎታለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ አባቦራ። «መብራቱ አረንጓዴ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ብነግርሽ አትደውዪማ።»



«እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎት» አለች ጽዮናዊት። «ማሽኑ እንደዛሬው ላይፈልግዎት ይችላል። ይህን ደብቄ ላሳምንዎት አልፈልግም። ነገር ግን ማሽኑ እርስዎን አያውቅዎትም። ልጁም አያውቅዎትም። ልዩነቱ ልጁ ሊያውቅዎት መቻሉ ነው፤ ያውም አሁን፣ ገና ትንሽ ሳለ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ለእሱ በረዳት የሚመጣ ፌስታል ነዎት።»

አቶ አባቦራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።  ሲዞሩ ጨርቁን ከስዊቹ ላይ ገፈፉት።

«የይለፍ ቃሌን ልስጥሽ?»

«የእርስዎን አይስጡኝ። የራሴን ይክፈቱልኝ። ሁለት ሰው በአንድ ስም ከገባ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም፤ ጥፋትም ሲመጣ መካሰስ ይሆናል።»

«ኤዬ፣ ይህስ ደግ ነገር ነው።»

ሥራ ጀመሩ። ባዶውን ክዳን አወለቁ፤ ስዊቹን ገፉት፤ መያዣው ቀጭ አለ። ከዋናው መስመር ጋር የሚያገናኘውንም የራሱን ገመድ ሰጡት፤ ይህ ባይኖረው መግባቱ ብቻውን ምንም አይጠቅምምና። ጽዮናዊት በላፕቶፗ የአንደኛውን ስዊች የመስመር አመራር ሥርዓት ከሁለተኛው ጋር እያስተያየች የጎደለውን ሞላች። ጌራንም ጨመረችለት። አቶ አባቦራ ጎንበስ ብለው እያዩ ሁለት ጊዜ አረሟት፤ የመስመሮቹን ጠባይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረምና።

የምሳ ሰዓት ሆነ። ሚዛኖቹ ሥራ የሚያቀዘቅዙበት ሰዓት ነው።

«አሁን አሮጌውን፣ ሲሠራ የቆየውን፣ ይንቀሉት» አለች።

«እየሠራ?»

«እየሠራ። ያልተፈተነ ተስፋ ይዘው መኪና ላይ አይወጡም። ክፉውን ቀን እኛ ራሳችን፣ ነቅተን፣ ሁለታችንም ባለንበት እንጥራው።»

አቶ አባቦራ «ቢስሚላህ» ብለው መያዣውን ሳቡት። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ወዲያው ለሊሙ ገነት ሚዛን ሠራተኛ ለሳቢሃ ደወሉ።

«ሳቢሃ፣ አንድ ጆንያ መዝኚልኝ።»

«ምሳዬን ልበላ ነበር እኮ! ... ይኸው፣ መዘንኩት፤ ተመዝግቧል። ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ምንም» አሉ አቶ አባቦራ።

ስልኩን ዘጉ።

«ምንም አልተሰማትም» አሉ ለጽዮናዊት። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ከድምፃቸው አይለይም ነበር። ከዚያ አሮጌውን ስዊች መልሰው አስገቡትና መብራቱ እስኪበራ ጠበቁ። «ልክ ነሽ፣ ኢንተላ ኮ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዕቃውን ያዳንኩት መስሎኝ ሥራውን ነው ያጋለጥኩት። የጌራን ስትጠይቂኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ነገ እሄዳለሁ።»

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ሁለት ስዊች ጎን ለጎን ሲሠሩ አንዱ ቢወድቅ ገበሬው ቡናውን ይዞ አይጉላላም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥርዓት ካላቸው በክፉ ቀን ትምህርት አያስፈልግም። ሁለት ባለሙያዎች በየራሳቸው ስም ሲገቡ ሥራው በአንድ ሰው ጤንነት ላይ አይንጠለጠልም፤ ያም ሰው ሊታመም፣ ሊያርፍ፣ ልጁን ሊጠይቅ ይችላል። በሥራችን ቦታ «ያለ እኔ አይሆንም» የሚል ሰው ካለ እናመስግነው፤ ከዚያም አጠገቡ ሁለተኛ ሰው እናቁምለት። ይህ ክብሩን መቀነስ የሚመስለው ይኖራል። ትንሽም ይቀንሰዋል። ግን ዕድሜውን ይመልስለታል።

አቶ አባቦራ ዓርብ ጠዋት ሊሙ ገነት ሄዱ። ልጁ ሲያያቸው አለቀሰና እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ፤ እስከ እሑድ ድረስ አልቀረባቸውም። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ እሳቸው ገና ከልጃቸው ቤት ሳሉ፣ አሮጌው ስዊች ተቃጠለ። ጽዮናዊት ከቢሮዋ ሆና አየችው፤ ሥራው በሁለተኛው ቀጠለ። ለአቶ አባቦራ ማንም አልደወለላቸውም።