የቮልሷ ማሞቂያ

ስካይዌይ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ ታደሰ ያረጀች ቮልስ አለቻቸው። በብርድ ጊዜ ማሞቂያውን ከፍተው ሊንውድ ከተማ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ባለቤታቸውን እትዬ አልማዝን መንገድ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ እኔንም ራሴን አዞረኝ፤ መስኮቱን ከፍተን ተመለስን። መኪናዋ ሥር ገብቼ ባይ፣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጡት ሳጥኖች ዝገት በልቷቸው ተበሳስተዋል። «ጋሼ፣ እትዬን የሚያፈዛቸው ጭሱ ነው!» ስላቸው ክው አሉ። «እኔ ደግሞ እርጅና መስሎኝ…»

አዲስ ኦርደር አድርገን ሁለታችን ቀየርናቸው። እሑድ ከሊንውድ ኮል አደረጉልኝ። «ደህና ገባችሁ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ደህና ነን ልጄ። አልማዝ ከቤት እስከዚህ አፏን አልዘጋችም።»

ያማረሩ መስሎኝ ልስቅ ስል ቀጠሉ።

«ወሬዋ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!»